ዲዛይን ልፋቱን ለማን ይሰጣል?

ቴሌግራም ላይ ጫማ የሚሸጥ አንድ ቻናል አስቡ። ፎቶው ያምራል። መብራቱ፣ ከጀርባ ያለው ቀለም፣ ጫማው የተቀመጠበት አቅጣጫ፣ ሁሉም ተለፍቶበታል። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ብቻ ነው። የትኞቹ ቁጥሮች እንዳሉ አይታወቅም። ሱቁ የት እንደሆነ፣ ዕቃውን ቤት ድረስ ያምጡ አያምጡ፣ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ የፈለገ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ሻጩም ሲመሽ ቁጭ ብሎ ያንኑ መልስ ደጋግሞ ይጽፋል። በመሀል የሰለቸው ገዢ ሌላ ቻናል ገብቶ ገዝቷል።

«ዲዛይኑ አሪፍ ነው» ሲባል ሰው የሚያየው ፎቶውን ነው። የቀረው ዲዛይን ግን ከፎቶው ሥር ነው። ዋጋ፣ ቁጥር፣ አድራሻ በሦስት መስመር ቢቀመጡ ኖሮ ያ ሁሉ መጻጻፍ አይኖርም ነበር። ማንኛውም ዕቃ፣ ወረቀት ወይም አገልግሎት በውስጡ ልፋት አለው። ያንን ልፋት ወይ ሠሪው አስቀድሞ ይጨርሰዋል፣ ወይ ተጠቃሚው በየቀኑ ይከፍለዋል። እኔ ዲዛይንን የማየው በዚህ በኩል ነው። ቀለሙም ቅርጹም የሚመጡት ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው።

በጣም ትንሹ ምሳሌ በር ነው። አንዳንድ ቢሮ በር ላይ «ይሳቡ» ወይም «ይግፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። የተለጠፈው ሰው እየተሳሳተ ስላስቸገረ ነው። የሚገፋ በር ላይ የሚሳብ እጀታ ገጥመውበታል፤ እጅ ደግሞ እጀታ ሲያይ ይስባል። በእጀታው ፈንታ ጠፍጣፋ ብረት ቢኖርበት ማንም ሳያስብ ይገፋዋል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኖርማን ይህንን ጉዳይ አብጠርጥሮ ከመተንተኑ የተነሳ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲዛይነሮች እንዲህ ያለውን በር በስሙ ይጠሩታል። የሚያሳዝነው ሰው በሩ እምቢ ሲለው ራሱን መውቀሱ ነው። «እኔ ነኝ የማላውቀው» ይላል። ስልክ ሲቸግረው፣ ፎርም ሲያስቸግረው፣ የባንክ ማሽን ካርዱን ሲውጥበትም እንደዚሁ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ወደ ንግዱ እንምጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮካ ኮላ የሚሸጠው እንደማንኛውም ለስላሳ ቀጥ ባለ ጠርሙስ ነበር። ስሙን በአንድ ሁለት ፊደል እየለወጡ፣ የጽሕፈቱን ዓይነት እየቀዱ የሚሸጡ አስመሳዮች በዙ። ገዢው የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ለማወቅ ጠርሙሱን አገላብጦ ማንበብ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1915 ለመስታወት ፋብሪካዎች አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ሰው በጨለማ በእጁ ዳስሶ የሚለየው፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢገኝ እንኳ የምን ስባሪ እንደሆነ የሚታወቅ ጠርሙስ ሥሩ ተባሉ። ኢንዲያና ግዛት ቴሬ ሆት ከተማ የነበረው የሩት መስታወት ፋብሪካ አሸነፈ። ቅርጹን ያመነጨው የካካዎ ፍሬ ሥዕል ነበር። በመጠጡ ውስጥ ካካዎ የሚባል ነገር የለም፤ ቅርጹ ግን ሠራ።

ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። «ቆንጆ ጠርሙስ» የሚል ቃል የለበትም። ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ነው የተነገራቸው። ሰው በዓይኑ አንብቦ ይለይ የነበረውን አሁን ጠርሙሱ በእጅ ያስታውቃል። ከዚያም አልፎ ለአስመሳዩ ከባድ ሆነ። ጽሕፈት መቅዳት ቀላል ነው፤ የመስታወት ቅርጽ መቅዳት ግን ፋብሪካ ይጠይቃል። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መጠመቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስሙ በእኛ ፊደል፣ በዚያው በሚወዛወዝ አጻጻፍ ተሠርቶ ጠርሙሱ ላይ ሰፈረ። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ከመደርደሪያው ላይ ለይቶ ይጠቁመዋል።

ብራንድ የሚባለው ነገር የሚገነባው እንዲህ ነው። ብራንድ ሰው ስለ እናንተ አስቀድሞ የያዘው ግምት ነው፤ ሎጎው ያንን ግምት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሎጎ ብቻውን፣ በተሠራበት ቀን፣ ምንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የናይኪን ምልክት በ35 ዶላር ሠራች። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ አክሲዮን ሰጥቷታል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሎጎ በርካሽ ይሠራል ለማለት ነው። እኔ የማነበው በሌላ በኩል ነው። ምልክቱን ትልቅ ያደረገው ከ50 ዓመት በላይ ሳይቀየር በየጫማው ላይ መታየቱ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የሱቁ ታፔላ አረንጓዴ ነው፣ ፌስታሉ ቀይ፣ ቲክቶኩ ላይ ያለው ስም በሌላ ፊደል፣ የቢዝነስ ካርዱ ደግሞ አምና የነበረው ሎጎ። ደንበኛው በየቦታው እንደ አዲስ ሰው ይተዋወቃችኋል። ያጠራቀማችሁት እምነት በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል።

እንዲሁ በነካ እጄ በረባሶን ላንሳ። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ጫማ በአገራችን የድሃ ጫማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር መሠረቱ ያው የጎማ ሶል ነው። ላዩ ግን በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሆነ። መጠኑ ተስተካከለ፣ ስም ወጣለት፣ ማንነቱን ሳይደብቅ ውጭ አገር ገበያ ገባ። ጎማው ያው ጎማ ነው። የተለወጠው በጎማው ላይ የተወሰኑት ውሳኔዎች ናቸው።

ቡና ላይ ግን ልቆይ፤ ነገሩ የእኛ ነው፣ ትምህርቱም ብዙ ነው። ጀበናን አንዴ እንደ ዕቃ እዩት። ሆዱ ሰፊና ክብ ስለሆነ አተላው ይዘቅጣል። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ቡናው ሲፈላ ተገፍቶ ወደ ላይ ይመጣል፣ አፍሊዋ መድረሱን ታውቃለች። መቀመጫው ክብ ስለሆነ ከሰሉ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ከእሳት ሲወርድ ግን ስለማይቆም ማቶት ተሠራለት። ሲኒው ጆሮ የለውም፤ ትንሽና በሥርዓት የሚቀዳ ስለሆነ አፉን ይዞ መጠጣት ይቻላል። የጀበናን ዲዛይነር ስም ማንም አያውቅም። ስንት ሸክላ ሠሪ እናት እየሞከረች፣ እየተሰበረባት፣ እያስተካከለች እዚህ አድርሳዋለች።

እሱ የቤታችን ዲዛይን ነው። ፍሬው ከአገር ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። የተቆላ ቡና አሜሪካ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከይርጋጨፌ ይምጣ ከሌላ ቦታ በዓይን አይለይም። ገዢውን ከገበሬው ጋር የሚያገናኘው ከረጢቱ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ስሙ በማን እጅ እንዳለ ደግሞ ዋጋውን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2004 ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን የአንድ ቡናውን መጠሪያ በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በዚያው አገር ለማስመዝገብ ጠየቀ። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ። ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው፣ ማንም በብቸኝነት ሊይዛቸው አይችልም የሚል ክርክር ተነሳ። ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ጻፉ። በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ የፈቃድና የገበያ ስምምነት ፈረሙ፤ ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስገርመኝ መንግሥት የመረጠው መንገድ ነው። ሌላ አማራጭ ነበረ። እያንዳንዱ ኬሻ ከየት እንደመጣ እየተመረመረ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሥርዓት ማቋቋም ይቻል ነበር። ግን የኢትዮጵያን ቡና የሚያመርቱት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ገበሬዎች ናቸው። ብዙው ከጓሮ ተለቅሞ በሰው ጀርባና በአህያ ለገበያ ይቀርባል። ያንን ሁሉ መቆጣጠር ገንዘብ ይበላል፣ ገንዘቡም በመጨረሻ ከገበሬው ይወጣል። ስለዚህ ስሙ እንደ ንግድ ምልክት እንዲያዝ ተመረጠ። ውጭ አገር ያለው ቆልቶ ሻጭ ያለ ክፍያ ፈቃድ ይፈርማል፣ ስሙን በአግባቡ ለመጠቀምና ለማስተዋወቅ ይስማማል። ወረቀቱን የሚያነበው፣ ጠበቃ የሚያማክረው እሱ ሆነ። ገበሬው ምንም ፎርም አልሞላም። ለእኔ ይህ ትልቅ ዲዛይን ነው፤ ምንም ሥዕል ያልተሣለበት።

ሥዕል የሌለው ሌላ ዲዛይን ኬንያ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የኤም-ፔሳ ሙከራ የታሰበው ሰዎች አነስተኛ ብድር በስልክ እንዲቀበሉና እንዲመልሱ ነበር። ሰዎቹ ግን ስልኩን ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት። እርስ በርስ ገንዘብ ተላላኩ። መንገድ ሲሄዱ ብሩን ኪሳቸው ይዘው ከመዘረፍ፣ ከመነሳታቸው በፊት ስልካቸው ላይ አስገቡት፣ ሲደርሱ አወጡት። የሠሩት ሰዎች ይህንን አዩና የብድሩን ውስብስብ ነገር ትተው በ2007 አገልግሎቱን በአንድ ሐሳብ ለገበያ አወጡት፦ ገንዘብ ወደ ቤት ላክ። ሰው ያደረገውን ተመልክቶ የራስን ሐሳብ መተው በዲዛይን ሥራ ውስጥ ከባዱ ነገር ይመስለኛል።

የቀረው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። አሠራሩ ተራ የቁልፍ ስልክ ላይ የሚሠራ ነበር። ላክ የሚለውን መምረጥ፣ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን፣ የሚስጥር ቁጥር፣ አለቀ። ከዚያ ለላኪውም ለተቀባዩም ሜሴጅ ይደርሳል። ይህች ሜሴጅ ቀላል ትመስላለች። ገንዘቡን ለማያውቀው ባለሱቅ በመስኮት የሰጠ ሰው ግን ከመስኮቱ ሳይርቅ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ሜሴጁ እዚያው ቆሞ እያለ ሲገባ እምነት ይመጣል። በእኛም አገር ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ በ2023 ከመጡ ወዲህ ይህንን በየሱቁ እናያለን። ገዢው ስልኩን አዙሮ «ይኸው ከፍያለሁ» ይላል። ባለሱቁ የገዢውን ስክሪን አያምንም፤ ያረጀ ወይም የተነካካ ስክሪንሾት የሚያሳዩ ስላሉ የራሱ ሜሴጅ እስኪገባ ይጠብቃል። ኔትወርክ የዘገየ ቀን ሁለቱም ተፋጠው ይቆማሉ። ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል። ያቺን ግማሽ ደቂቃ ማሳጠር ከማንኛውም የቀለም ለውጥ ይበልጥ ንግዱን ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮ፣ በተለይም ወደ ፎርም። ፎርም የሚያምር ነገር ስላልሆነ ማንም እንደ ዲዛይን አይቆጥረውም። ኑሯችንን የሚነካው ግን ከሎጎ ሁሉ በላይ እሱ ነው።

ስማችንን ውሰዱ። የእኛ ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ፎርም ግን ሁለት ሣጥን ይሰጣችኋል፦ መጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም። ፎርሙን የሠራው ሰው አንድ ቤተሰብ አንድ የመጨረሻ ስም አለው ብሎ ወስኗል። እኛ ስንሞላው አባት በአባቱ ስም ይጠራል፣ እናት በአባቷ፣ ልጆቹ ደግሞ በአባታቸው ስም። አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይኖራል። ከዚያ እናት ልጇን ይዛ ሆስፒታል ወይም ኤርፖርት ስትሄድ «ልጁ ምንሽ ነው?» ትባላለች። ማስረዳቱ የእሷ ሥራ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዓመቱ።

ስሙ ጥምር ከሆነማ ይብሳል። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል ብለን የምንጠራው አንድ ስም ነው። መካከል ላይ ክፍተት ካለው ግን ኮምፒውተሩ ይቆርጠዋል። ሰውዬው «ወልደ» ተብሎ ይጠራል፣ «ማርያም» ደግሞ የመካከል ስም ትሆናለች። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በሦስት በአራት ዓይነት ይመጣል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ትኬቱ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ጣጣው የተሳፋሪው ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ረዥም ሣጥንና «ምን ብለን እንጥራዎ?» የሚል ሌላ ሣጥን ቢኖር አብዛኛው ችግር ይቀራል።

የልደት ቀንም እንዲሁ። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይላል። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ፎርሙ ላይ ወሩን አያገኘውም። ቀን ቆጣሪው በቃል የተነገረውን ቀን ወደ ፈረንጅ ሲመልስ አንድ ቀን ይሳሳትና ስህተቱ ዕድሜ ልክ ሰነድ ላይ ይኖራል። ብዙ ስደተኞች ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለዱ የተባለው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ቀኑን አያውቁትም፣ ፎርሙ ደግሞ ባዶ አይቀበልም። አንድ «ቀኑን በትክክል አላውቅም» የሚል ምርጫ ባለመኖሩ ሰው ያልተወለደበትን ቀን ሲያከብር ይኖራል።

ሰዓቱንም ጨምሩበት። እኛ 2 ሰዓት ስንል ፈረንጁ 8 ይላል። የሐኪም ቀጠሮ በስልክ ሜሴጅ ሲመጣ «2:00» ብቻ ከተባለ አንዱ ጠዋት ይሄዳል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ። አያቴ ዓይነት ሰው ያለ ጥርጥር በኢትዮጵያ ሰዓት ነው የሚረዳው። ልጇ ደግሞ ስልኩ ስለለመደ በፈረንጅ ያነበዋል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አንዲት ቃል ነው የሚጨምረው፤ የሚያድነው ግን ከሩቅ ቦታ በአውቶቡስ የመጣ ታማሚን ነው። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይም ይኸው ነው። የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ያለበት ወረቀት ከሰዓት ቁጥር ይልቅ ብዙ ሰው ይገባዋል።

ፊደላችንም የራሱ ጉዳይ አለው። የአማርኛ ፎንት የሚሠራ ሰው 33 ፊደላትን በሰባት ቤት፣ ማለትም 231 ቅርጽ፣ ከዚያም ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ይሥላል። የእንግሊዝኛው ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው። ስለዚህ ለእኛ ጥሩ ፎንት መሥራት ረዥም ሥራ ነው፤ ዛሬም ምርጫችን ጠባብ ነው። ድሮማ ከዚህ ይከፋ ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚይዘው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ ሲገባ ያ ችግር በሂደት እየቀረ መጣ። ዛሬ ጅዳ ያለች ልጅ ጎንደር ላለች እናቷ በአማርኛ ስትጽፍ ሁለቱም ያንኑ ፊደል የሚያዩት ለዚህ ነው።

ያልተፈታው ሌላው ነገር የአቀማመጥ ነው። ብዙ ዲዛይነር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይሠራና አማርኛውን በዚያው ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል። የእኛ ፊደል ግን ከላይ ቆብ የሚደፋ አለው፣ እንደ ቸና እንደ ኘ። ከታች እግር የሚያወጣ አለው። ሆዱ የሞላ አለው፣ እንደ ጨና እንደ ጠ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለላቲን የተለካ ከሆነ የላይኛው መስመር እግር የታችኛውን ቆብ ይነካል። ፊደሉ ሲያንስ የሆዱ ክፍተት ይደፈናል፣ ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። ዕድሜው የገፋ ሰው መነጽሩን ያወጣል፣ ስልኩን ወደ ብርሃን ይወስዳል፣ በመጨረሻም «አንብብልኝ» ይላል። ክፍተቱን ትንሽ ማስፋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

እንግሊዝኛ ቃል ሲያጎላ በትልቅ ፊደል ይጽፋል ወይም ያጋድለዋል። እኛ ትልቅ ፊደል የለንም፣ ፊደላችንም ሲጋደል ያስጠላል። ግን የራሳችን ዘዴ ነበረን። የብራና መጻሕፍቶቻችን የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፉንም መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። በገጹ ራስ ላይ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ ይሥላሉ፣ አንባቢው አዲስ ክፍል መጀመሩን ሳያነብ ያውቃል። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፣ ዳርና ዳሩን ሰፊ አድርጎ ይተዋል። ያ ሰፊ ዳር የመጻፊያ ቦታ ማባከን አይደለም። ገጽ የሚገልጥ ጣት ፊደሉን እንዳይነካው ነው። ዛሬ የአማርኛ አፕ ወይም ጋዜጣ የሚሠራ ሰው ከላቲን ሕግ ከመዋሱ በፊት እነዚያን ገጾች ቢያይ እመኛለሁ። ቀይ፣ ክፍተትና ሐረግ እዚያው ተፈትነው አሉ።

ስለ ወጥ ቤት ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም እንጨቱን ግን ይቆጥባል። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር እሳቱ በዙሪያው ይባክናል፣ ጭሱ የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ከምጣዱ ሥር ያቆየዋል፣ ጭሱንም በኋላ በኩል ያወጣዋል። ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የሚወደደው ነገሩ ምጣዱን አለመንካቱ ነው። የለመደችው ምጣድ ይቀመጥበታል፣ አሰሳ፣ አክንባሎ፣ አወጣጥ፣ ሁሉም እንደ ነበረ ይቀጥላል። እንጀራውን ለምድጃው አላስማሙትም፤ ምድጃውን ለእንጀራው አስማሙት። ብዙ በበጎ ሐሳብ የመጣ ዕቃ ጥግ ላይ ተጥሎ የሚቀረው ይህ ስለሚጎድለው ነው።

ልፋትን ሆን ብሎ ወደ ሰው የሚገፋ ዲዛይንም እንዳለ ማወቅ ደግ ነው። አንድ ቁጥር ተጭናችሁ የምትገቡበት፣ ለመውጣት ግን ሌላ አጭር ቁጥር ፈልጋችሁ፣ የተወሰነ ፊደል ልካችሁ፣ መልስ ጠብቃችሁ የምትወጡበት የሜሴጅ አገልግሎት ታውቃላችሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብር ይቆርጣል። ስልክ ብዙ የማይነካኩ እናቶች ካርዳቸው ለምን እንደሚያልቅ ሳያውቁ ወራት ይከፍላሉ። ይህ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። መግቢያውን ሰፊ፣ መውጫውን ጠባብ ያደረገ ሰው አለ፣ ደመወዝም ተከፍሎታል። የዲዛይን ሙያ ያላቸው ልጆቻችን እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብላቸው እምቢ እንዲሉ አጥብቄ እለምናለሁ። ሙያው ለዚህ አልነበረም።

ሱቅ ወይም ትንሽ ድርጅት ያላችሁ ደግሞ ዲዛይነር ስትቀጥሩ «አሪፍ ሎጎ ሥራልኝ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ደንበኞቻችሁ ደጋግመው የሚጠይቋችሁን ነገር ጻፉ። «የት ነው የምትገኙት?»፣ «እሁድ ክፍት ነው?»፣ «ይህ ስንት ነው?»፣ «ባይሆነኝ መመለስ ይቻላል?»። ወረቀቱን ለዲዛይነሩ ስጡት። ቦታው የት እንደሆነ የሚጠየቅ ሱቅ ከሎጎ በፊት ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ታፔላ ያስፈልገዋል፤ በአማርኛ፣ በወፍራም ፊደል፣ ቢበዛ አራት ቃል። ዋጋ የሚጠየቅ ሱቅ ዋጋ ይለጥፍ። አንዳንድ ነጋዴ ዋጋ መጻፍ ተፎካካሪ ያያል ብሎ ይፈራል። ተፎካካሪው ሰው ልኮ ማስጠየቅ ይችላል፤ የሚሸሸው ለመጠየቅ የሚያፍረው ደንበኛ ነው።

ሥራው ተሠርቶ ሲመጣ ለጓደኛ ወይም ለዘመድ አታሳዩት፤ ስለሚወዷችሁ «ያምራል» ይላሉ። ሱቃችሁን ለማያውቅ ሰው ስጡት። ማሸጊያ ከሆነ እንዲከፍተው፣ አፕ ከሆነ እንዲያዝበት፣ ፎርም ከሆነ እንዲሞላው ንገሩትና ዝም በሉ። ማስረዳት ስትፈልጉ ምላሳችሁን ያዙ። ጣቱ የሚያመነታበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ማስተካከያውን ከዚያ ቦታ ጀምሩ፤ ቀለሙን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።